ሲኒው ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳውስ?

የአክስቴ ቤት ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ነው። ፊት ለፊቱ ድንጋይ እየተፈነዳ የሚወጣበት ኮረብታ፣ ካባ የምንለው፣ አለ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሳይረኑ ይጮኻል። ከዚያ ጸጥ። ቀጥሎ መሬቱ ከሥር ገፋ ያደርጋል። ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ድምፁ ከኋላ ይከተላል፣ "ዱም!" ብሎ። አክስቴ ጀበናውን በአንድ እጇ እንደያዘች ቀና ብላ ጣሪያውን ታየዋለች።

"አየህ አይደል? ቤቴን እኮ ቁጭ ብዬ እያየሁ እያፈረሱት ነው።"

የኮንስትራክሽን ሰው ስለሆንኩ ከእሷ እንድወግን ትጠብቃለች። ሳሎኗ ውስጥ ሁለት ስንጥቅ አለ። አንዱ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ በሰያፍ ይወጣል። ሌላው ከሶሌታው (ከአርማታው ጣሪያ) ሥር፣ ብሎኬቱ ከሚያልቅበት መስመር ላይ፣ በአግድም ይሄዳል። የካባው ሰዎች አንድ ቀን መጥተው አይተውታል። "እኛ የምናፈነዳው ከደረጃ በታች ነው" ብለው ሄዱ። የትኛው ደረጃ? ስንት ለካችሁ? እሱን አልተናገሩም። እኔን ያናደደኝ ስንጥቁ ሳይሆን ይሄ መልስ ነው።

መጀመሪያ መሬቱ ውስጥ የሚሄደውን ነገር እንይ። ድንጋዩ ላይ ተርታ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ፈንጂ ዛሬ በአብዛኛው የድሮው ድማሚት አይደለም። መቶ ኪሎ ቢሆን ወደ 94 ኪሎው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ የቀረው 6 ኪሎ ናፍጣ። ሰዉ ግን አሁንም ሁሉንም "ድማሚት" ይለዋል፤ እኔም እላለሁ። ሲፈነዳ ጠጣሩ ባንዴ ወደ ጋዝ ይቀየራል። ጋዙ ድንጋዩን ሰንጥቆ ወደ ፊት ይገፋዋል። ድንጋይ መስበሪያ ያልሆነው ኃይል ደግሞ በመሬቱ ውስጥ ሞገድ ሆኖ ይሄዳል። አክስቴ ሲኒዎች ጋ የሚደርሰው ይሄ የባከነው ክፍል ነው። ስለዚህ ንዝረት ለካባው ባለቤትም ኪሳራ ነው፤ ገንዘብ የከፈለበት ኃይል ሰው ሳሎን ገብቶ ሲኒ ያስጨፍራል።

ሳፋ ሙሉ ውሃ ላይ የሎሚ ልጣጭ ጣሉና ዳሩን በጣት መታ አድርጉት። ሞገዱ ሮጦ ወዲያኛው ዳር ይደርሳል። ልጣጩ ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው ከፍ ዝቅ ይላል። መሬትም እንደዚያ ነው። ሞገዱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ሺህ ሜትር ይጓዛል። ቤታችሁ ሥር ያለው አፈር ግን እዚያው ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይላል። ባለሙያዎቹ የሚለኩት ይሄ ወዲያ ወዲህ ማለት ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ነው። መለኪያው ሚሊሜትር በሰከንድ ነው። ከዚህ በኋላ "ሚሊሜትር" ስል እሱን ማለቴ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ንዝረት ይሰማዋል። 5 ሲደርስ ብዙ ሰው ይደነግጣል። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ልስኑ ያረጀ መኖሪያ ቤት ላይ፣ ዝግ ባለ ንዝረት (በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚመላለስ)፣ ጥንቃቄ ይጀመርበት ያለው 12.7 ሚሊሜትር ነው። ፈጣን ለሆነ ንዝረት 50.8 ድረስ ፈቅዷል። ጀርመኖች ጠበቅ ያደርጋሉ፤ ለመኖሪያ ቤት ንዝረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እያዩ ከ5 እስከ 20፣ ለቅርስ ደግሞ ከ3 ይጀምራሉ። ሐረር ጀጎል አጠገብ መንገድ ለማውጣት ድንጋይ የሚያፈነዳ ሰው ቢኖር መነሻው ይሄ 3 መሆን አለበት። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የቆየ ግንብ እንደ አርማታ አይታዘዝም።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰው የሚሰማው ከግማሽ ነው፤ ቤት የሚፈራለት ከ5 ወይም ከ12 በላይ ነው። በመካከሉ ትልቅ ሜዳ አለ። አክስቴና የካባው ሰዎች የሚጣሉት በዚህ ሜዳ ላይ ነው። እሷ መንቀጥቀጡን አልፈጠረችውም፤ እነሱም ግድግዳው አይሰነጠቅም ሲሉ ሊዋሹ ላይሆን ይችላል።

ይሄ "ዝግ ያለ" እና "ፈጣን" ያልኩት ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ስትገፉ በራሱ ምት ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ሰማይ ይደርሳል። ከምቱ ውጭ ከገፋችሁት ግን ብትደክሙም ብዙ አይሄድም። ቤትም የራሱ ምት አለው። አንድና ሁለት ፎቅ ቤት በሰከንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ አካባቢ የመወዛወዝ ጠባይ አለው። መሬቱ በዚያው ምት ከመጣ ቤቱ ከመሬቱ በላይ ይወዛወዛል። ጠንካራ ድንጋይ ላይ፣ ከፍንዳታው ቅርብ ከሆናችሁ፣ ንዝረቱ ፈጣን ነው፤ ቤቱ ብዙም አይከተለውም። ራቅ ስትሉና ለስላሳ አፈር ላይ ስትሆኑ ንዝረቱ መጠኑ ይቀንሳል፤ ግን ዝግ እያለ ወደ ቤቱ ምት ይጠጋል። ድሬ ውስጥ ጎርፍ ባወረደው አሸዋና ጠጠር ላይ የተሠራ ሰፈር ብዙ ነው፤ የደቻቱን ወንዝ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ርቀት እኩል ሆኖ አለት ላይ ያለው ቤት ዝም ሲል፣ አሸዋ ላይ ያለው "ተናወጥን" ቢል አትገረሙ።

ኮንክሪቱ ራሱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጠነከረ ኮንክሪት ከሚታሰበው በላይ ቻይ ነው። መሬት ውስጥ ያለ መሠረት አስቡ። 50 ሚሊሜትር ንዝረት ቢያልፍበት፣ ቀርፋፋው ሞገድ እንኳ በኮንክሪት ውስጥ በሰከንድ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚሄድ፣ ኮንክሪቱ የሚሳበው ከሚሊዮን 20 እጅ ያህል ብቻ ነው። ኮንክሪት በመሳብ የሚሰነጠቀው ወደ 100 እጅና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። አምስት እጥፍ ርቀት አለው። የአሜሪካው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የግድብ ዓይነት ወፍራም ኮንክሪት ከ10 ቀን በላይ ከሆነው፣ ከፍንዳታው አጠገብ እስከ 500 ሚሊሜትር ድረስ ይፈቅድለት ነበር። አምስት መቶ! ይሄን ለአክስቴ ስነግራት "እንግዲያው የእኔ ቤት ግድብ ነው?" አለችኝ።

አይደለም። ነገሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። እኛ ሀገር "የኮንክሪት ቤት" የምንለው ኮለንና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው) ብቻ አርማታ ነው። በመካከሉ ያለው ብሎኬት ነው፤ ላዩ ልስን። ኮለኑ ሌላ ዕቃ፣ ብሎኬቱ ሌላ ዕቃ ነው። ሲደርቁም ሲሞቁም እኩል አይጨማተሩም፣ እኩል አይሰፉም። ከኮለኑ ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ በአብዛኛው ድማሚት አይደለም። መጋጠሚያው ላይ ወንፊት ሽቦ ሳይደረግ የተለሰነ ነው። የመስኮት ጥግ ላይ የሚነሳው ሰያፍ ደግሞ አጠራጣሪ ነው፤ መሠረቱ ሲቀመጥም ይመጣል፣ ጠንካራ ንዝረትም ያባብሰዋል። ከፍንዳታ በፊት ፎቶ ከሌለ ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያው። ሰው የሚጠይቀው "ዛሬ ስንት ኪሎ አፈነዱ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል አይደለም። መጠየቅ ያለበት "በአንድ ቅጽበት ስንት ኪሎ?" ነው።

ቀፊራ ገበያ ላይ ሃያ ተሸካሚዎች ኩንታል ተሸክመው ቆመዋል እንበል። አንድ ላይ "ሂድ!" ሲባሉ ሃያውንም ባንዴ ቢጥሉት አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ ቲማቲሟ ይንከባለላል። በተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ ቆየት እያሉ ቢጥሉ ግን ያው ሃያ ኩንታል መሬት ላይ አለ፣ ቲማቲሙም አለ። ፍንዳታም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዲቶኔተር (ፈንጂውን የሚያስነሳው) በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሺኛ፣ እየዘገየ እንዲተኮስ ይደረጋል። እኛ አንድ "ዱም" እንሰማለን እንጂ ውስጡ ተርታ ነው።

ቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሺህ ኪሎ ፈንጂ አለ፤ ቤቱ 500 ሜትር ላይ ነው። በመካከለኛ ድንጋይ ብዙ ጊዜ በሚሠራበት ቀመር ብታሰሉት፣ ሺውም ኪሎ በአንድ ቅጽበት ቢፈነዳ ቤቱ ጋ ወደ 14 ሚሊሜትር ይደርሳል። የአሮጌ ልስን ገደብ አለፈ ማለት ነው። ያንኑ ሺህ ኪሎ በ20 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 50 ኪሎ አድርጋችሁ አንዱ ከሌላው ለይታችሁ ብትተኩሱት ወደ 1.25 ሚሊሜትር ይወርዳል። ያው ፈንጂ ነው። ያው ድንጋይ ይወጣል። አሥር እጥፍ ልዩነት! እርግጥ ቀመሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ከኮረብታ ኮረብታ ይለያያል፤ ትክክለኛው የሚገኘው እዚያው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ተለክቶ ነው።

ቀመሩን ለማስታወስ የሚቀል መንገድ አለ። የቤቱን ርቀት በሜትር ውሰዱ። በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳውን ኪሎ ስኩዌር ሩት አውጡ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። የአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች ቤቱ ከ90 ሜትር እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ሲርቅ፣ ውጤቱ ወደ 25 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ መለኪያ መሣሪያ እንዲያፈነዱ ይፈቀድላቸዋል። ቤቱ 300 ሜትር ላይ ከሆነ 300 ለ25 ሲካፈል 12 ነው፤ 12 በ12 ሲባዛ 144። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ከ144 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ይሄን አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በስልኩ ሊሠራው ይችላል። የሰፈር ሽማግሌዎች ከካባው ጋር ሲሰበሰቡ እንዲህ ያለ ልጅ ይዘው ቢሄዱ ስብሰባው ያጥራል።

"ለይታችሁ" ያልኩት ስንት ነው? የቆየው ልማድ 8 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተፈነዱ ሁለት ጉድጓዶች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ግን ልማድ ነው እንጂ ሕገ ተፈጥሮ አይደለም። ሩቅና ለስላሳ አፈር ላይ ሞገዱ ስለሚለጠጥ 8 አይበቃም። ሌላም ችግር አለ። የማዘግያ ባሩድ ያለበት የተለመደው ዲቶኔተር እንደተጻፈበት ልክ አይተኩስም፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። ወረቀት ላይ የተለያዩት ሁለት ጉድጓዶች መሬት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ኤሌክትሮኒክ ዲቶኔተር በአንድ ሚሊሰከንድ ትክክል ይቆጠራል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ እሱን ነው ባለቤቱ የማይወደው።

ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ብዙ ኪሎ ከያዘ ደግሞ ፈንጂውን በሁለት ከፍለው መካከሉ ላይ ጠጠር ይጨምራሉ። ሁለቱን በየራሱ ዲቶኔተር ይተኩሳሉ። ከቤት ጋር ለተጠጋ ካባ ጥሩ መላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ፈንጂ መቀነስ ሁልጊዜ ንዝረት አይቀንስም። ድንጋዩ ወደ ፊት ሊወድቅበት የሚችል ክፍት ፊት ያስፈልገዋል። ፊቱ በፍርስራሽ ከተዘጋ፣ ወይም የመጀመሪያው ተርታ ከፊቱ በጣም ከራቀ፣ ወይም ፈንጂው አንሶ ድንጋዩን መግፋት ካቃተው፣ ኃይሉ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ፣ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። በር ዘግታችሁ ብትገፉ ትከሻችሁን ነው የሚያምማችሁ። "ሰዉ ተቸገረ" ብሎ ኪሎ የቀነሰ፣ ፊቱን ግን ያላጸዳ ካባ ሰፈሩን የበለጠ ሊያናውጥ ይችላል።

"ጉድባ ቢቆፈርልን ሞገዱን አያቆመውም?" የሚል ጥያቄም ሰምቻለሁ። ሞገዱ በድንጋይ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ መቶ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሁለት ሜትር ጉድባ ለእሱ የባጃጅ ጎማ ምልክት ነው፤ ከሥሩ አልፎት ይሄዳል።

ድምፁ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ መስኮት የሚያንኳኳው መሬቱ ሳይሆን በአየር የመጣው ግፊት ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚጠቀጠቀው ነገር አፈር ወይም የቁፋሮ ብናኝ ከሆነ ጋዙ እንደ ጠርሙስ ክዳን አፈናጥሮት ይወጣል። የተከሰከሰ ኮረት ከሆነ ግን ተያይዞ ይይዘዋል። ለአየር ግፊቱ የሚሠራበት ገደብ 133 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ንጋት ላይ ማፈንዳት ደግሞ መጥፎ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ስለሚሆን ድምፁ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ተቀልብሶ ሰፈር ላይ ይወርዳል። የአክስቴ ካባ ሰባት ሰዓት ላይ ማፈንዳቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሰዓት መርጧል።

አሁን ቤት እየሠራችሁ ላላችሁ። ጠንካራ ኮንክሪት ቻይ ነው አልኩ። አዲስ ኮንክሪት ግን ሕፃን ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሙሌቱ እንደተደፋ፣ ገና ጭቃ እያለ፣ ንዝረት አይጎዳውም። እኛው ራሳችን ቫይብሬተር ከተንበት እናንቀጠቅጠው የለ? አደገኛው ሰዓት መያዝ ሲጀምር ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ አንድ ቀን ገደማ። ያኔ ፈሳሽ አይደለም፣ ስለዚህ ስንጥቁ ተመልሶ አይገጥምም። ጠንካራም አይደለም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ፌሮውንም የያዘው ገና በእጅ ጫፍ ነው። የድሬ ሙቀት ደግሞ መያዙን ያፋጥነዋል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሶሌታ ሞላችሁ። ካባው ሰባት ሰዓት ላይ ያፈነዳል። ከተሞላ አምስት ሰዓት ሆኖታል፤ አደገኛው ሰዓት ላይ ደረሰ ማለት ነው። መፍትሔው ስልክ ነው። "ሐሙስ ሶሌታ አለን፣ ሐሙስና ዓርብ ዝለሉልን" ማለት። እምቢ ካሉ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ አመሻሽ ላይ ሙሉ፤ በሙቀቱ ምክንያት እዚህ ማታ የሚሞላ ብዙ ነው። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ወደ ሃያ ሰዓት ይሆነዋል፤ ፍጹም ባይሆንም ከአምስት ሰዓት ይሻላል። ከዚያ ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። በዚህ ፀሐይ ውሃ ያልጠጣ ሶሌታ ካባ በሌለበት ሀገርም ይሰነጠቃል፤ እኔ በሥራዬ ካየሁት ስንጥቅ አብዛኛውን ያመጣው ይሄ ነው።

ካባው አጠገባችሁ ሊከፈት ከሆነ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ አስጠግታችሁ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ካባው በራሱ ወጪ ይሄን ማድረግ ነበረበት፤ ካላደረገ እናንተ አድርጉ። ሲስሞግራፍ የሚባለው የንዝረት መለኪያ መሣሪያ የት እንደተቀመጠም ጠይቁ። መቀመጥ ያለበት እናንተ ቤት መሠረት አጠገብ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ወይም የአሸዋ ከረጢት ተጭኖበት ነው። ካባው ቢሮ በር ላይ ሆኖ የተለካ ቁጥር የእናንተን ቤት አይናገርም። ወረቀቱ ላይ የሦስት አቅጣጫ ቁጥር፣ ፍሪኩዌንሲው (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ) እና ቀኑ ከሌለ ወረቀት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አክስቴ ጋ ግን ፎቶ አልነበረም። ስለዚህ ሌላ አደረግን። የስንጥቆቹ ጫፍ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አሰመርንና ቀን ጻፍንበት። አግድም የሚሄደው ላይ ደግሞ ትንሽ ስስ ብርጭቆ በጀሶ ከላይና ከታች አጣብቀን ተውነው፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ብርጭቆው ይሰበራል። ደብተርም ሰጠኋት፤ ሳይረን ሲጮህ ሰዓቱን ትጽፋለች።

ብርጭቆው በአራተኛው ቀን ተሰበረ። እሑድ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ካባው እሑድ አይሠራም።

ወጥቼ ሶሌታውን በእጄ ነካሁት፤ እጅ አያስቀምጥም። አሥር ሜትር ሶሌታ በ20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ በማስመሪያው ሚሊሜትር፣ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ብሎኬት በጥላ ስላለ አይከተለውም። ስለዚህ መካከላቸው ይቀደዳል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፤ በማግስቱ ደግሞ ይከፈታል። ስለዚህ አግድሙ ስንጥቅ የፀሐይ ነው። ሰያፉስ? የእርሳሱ መስመር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ደብተሩ ላይ "ከሁሌውም የባሰ" ብላ በጻፈችበት ቀን፣ መስመሩን ወደ አንድ ጣት ያህል አልፎ ተገኘ።

ደብተሩን ይዛ ካባው ቢሮ ሄደች። የዚያን ማክሰኞ የአተኳኮስ ወረቀት አምጡ አለቻቸው፤ በአንድ ቅጽበት ስንት ኪሎ እንደነበር የሚያሳየውን። "እናቴ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?" አላት ልጁ። ወረቀቱን ለመፈለግ ግን ተነሳ።